የግራው መቃን

እናቴ ቀለም ቀቢ ነበረች። በከተማችን ሴት ቀለም ቀቢ እሷ ብቻ ነበረች፤ ሙያውን ከነመሰላሉ የወረሰችው ከአባቷ ነው። የኔ አባት የጭነት መርከብ ላይ ስለሚሠራ ዓመቱን ባሕር ላይ ያሳልፋል፤ ገና ሲደርስ ብቅ ይልና ቸኮሌት ሰጥቶኝ፣ ሶፋው ላይ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ይመለሳል። ስለዚህ እናቴ የኔ ነበረች። የኔ ብቻ። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ እሷን ከማንም ጋር ተካፍዬ አላውቅም፣ መካፈልም አላማረኝም። የምነግራችሁን ሁሉ ከዚህ ተነስታችሁ ስሙኝ፤ አለበለዚያ ክፉ ልጅ እመስላችኋለሁ። ክፉ አልነበርኩም፤ ቀናተኛ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከብስክሌቷ ኋላ አፈናጥጣኝ ሥራዋ ቦታ ይዛኝ ትሄዳለች። ባልዲው ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይንቋቋል፣ እኔ ወገቧን እቅፍ አድርጌ ጀርባዋ ላይ ጉንጬን እለጥፋለሁ። ሹራቧ የቀለም ማቅጠኛ፣ ተርፔንታይን ተርፔንታይን ይሸታል። ዛሬም ያን ሽታ ሳሸት ሆዴ ይባባል።

ሥራዬ ውሃ ማመላለስና ጨርቅ ማጠብ ነው። ብርጭቆ ወረቀት መንካት ክልክል ነበር፤ ምክንያቱም ሰባት ዓመቴ ላይ የቄሱን ቤት መስኮት አግድም ፍቄው ነበር። እንጨት የሚሄድበት አቅጣጫ አለው፤ እሱን ተከትለሽ ካልፈገፈግሽው ጭረቱ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ዕድሜ ልኩን ይታያል። እናቴ ያን መስኮት እንደገና ስትሠራው ዋለች፤ አልተቆጣችኝም፣ ግን "ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ" አለችኝ። እናቴ አንድ ጊዜ ካለች አለች ነው። ቀለም ውስጥ አንዲት የብሩሽ ጠጉር ቀርታ ካገኘች በሩን በሙሉ ፍቃ እንደ አዲስ የምትጀምር ሴት ናት።

ግንቦት ላይ ዘጠኝ ሞላኝ። የበጋው የመጀመሪያ ሥራ የሃውገኖች ቤት ነበር።

ሃውገን የጀልባው ካፒቴን ነው፤ ሰውና መኪና እየጫነ ከወደባችን ማዶ ያመላልሳል። ቤታቸው ከወደቡ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ የአያቶች ቤት። ውስጡ ያለው እንጨት ሁሉ፣ የበሩ መቃን፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጣውላ፣ ጥቁር እስኪመስል ድረስ ቡኒ ማቅለሚያ ጠጥቶ በላዩ ቨርኒሽ ተለስኗል። ግድግዳው ደግሞ ድፍን አረንጓዴ ነው። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ቤቱ በሙሉ ከቸኮሌት የተሠራ መሰለኝ።

"እማ፣ ምን እናደርገዋለን?"

"ነጭ።"

"ይሄን? ነጭ? ያምራል እኮ!"

ወይዘሮ ሃውገን ከኩሽና ብቅ አሉ። ከእናቴ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው፣ እሷ ሲሴል እያለች ነው የምትጠራቸው፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው የታላቋ ይመስል ነበር። "ለኢንጉን ነጭ ይሻላታል ብለን ነው" አሉኝ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

በቃ። ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ኢንጉን የምትባል ልጅ አለች፤ ነጭ አምሯታል፤ የአያቶቿ ቤት ከነመስኮቱ ነጭ ሊለብስላት ነው። እኔ የካልሲዬን ቀለም እንኳ መርጬ አላውቅም።

ቆይታ መጣች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቢጫ ጠጉሯ በአንድ ጉንጉን ተሠርቷል። ግድግዳውን በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ ተጎትታ ነው የምትሄደው። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ሰላም አልኳት። አጠገቤ አለፈች፤ ዘወር ብላም አላየችኝ። "ኩራት!" አልኩ በሆዴ። ወደ እናቴ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ "ጤና ይስጥልኝ፣ ኢንጉን እባላለሁ" አለቻት። እናቴ ብሩሽ የያዘ እጇን ጠርጋ ጉንጯን ነካቻት። ጉንጯን! እኔን እንኳ እንደዚያ የምትነካኝ ሲያተኩሰኝ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ እጥበት ነው። አሞኒያ በገባበት ሙቅ ውሃ የዓመታቱን ቅባትና የፒፓ ጢስ ካልገፈፉት፣ በላዩ የሚቀባው ቀለም አይይዝም። ውሃው ወዲያው ሻይ ይመስላል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ እኔ ደፍቼ አዲስ እሞላለሁ። አንዴ ሞልቼ ስመለስ ከኩሽና ወሬ ሰማሁ።

"እስከ ገና ከሆነ ቶሎ እንጨርስላታለን፣ ሲሴል። አታስቢ" ትላለች እናቴ።

"እስከ ገናም እንጃ። በርገን የሄድን ጊዜ እሱም ራሱ እርግጠኛ አይደለም።"

"ልጅቷስ?"

"ታውቃለች። ከኛ በላይ ታውቃለች። አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም፣ የሚገድለኝ እሱ ነው።"

ባልዲዬ ሲንኳኳ ዝም አሉ። እኔ ግን የሚበቃኝን ሰምቻለሁ። የገና ስጦታ! በሐምሌ የተጀመረ የገና ስጦታ! በርገንም የሆነ ሰው አላት፣ እሱም ሌላ ነገር ሊልክላት ይሆናል፣ "እርግጠኛ አይደለም" እንጂ። ለኔ ያለፈው ገና የመጣልኝ ጓንት ነው፤ እሱም አንዱ ካንዱ ይረዝም ነበር።

በንዴት ባልዲውን ኮሪደሩ መሀል ዘጭ አደረግሁት። ኢንጉን ግድግዳዋን እየዳሰሰች መጣች። ፊት ለፊት እያየች፣ እምላለሁ እያየችው፣ ሄዳ ረገጠችው። ውሃው ኮሪደሩን ሞላው።

"ራንዲ!" አለች እናቴ ከመሰላሉ ላይ። "ባልዲ መንገድ ላይ ይቀመጣል?"

"እሷ ናት እኮ የደፋችው!"

"ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ።"

"ዓይኗን ገልጣ አትሄድም?"

"ዝም በይ ብያለሁ!"

ወይዘሮ ሃውገን ተንበርክከው የልጃቸውን እርጥብ ካልሲ በገዛ እጃቸው አወለቁላት። የኔም ካልሲ ረጥቦ ነበር። ማንም አላየውም፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ ቡኒ እንደሆነ ዋለ።

ዛሬ አውቀዋለሁ። ኢንጉን ያን ጊዜ የምታየው በቀጭን ቱቦ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነበር። ፊት ለፊቷ የቆመ ፊት ይታያታል፤ እግሯ ሥር ያለ ባልዲ፣ ከጎኗ ተቀምጣ ራሷን የምትነቀንቅ ልጅ አይታያትም። ቱቦው ደግሞ በየወሩ እየጠበበ ነበር፤ በርገን ከተማ ያለው የዓይን ሐኪምም እስከ ገና እንደሚቆይላት እርግጠኛ አልነበረም። አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ጥቁር ቡኒ መቃን በሩን ይውጥባታል፤ ነጭ ከሆነ ግን ያቺ የቀረቻት እይታ እስካለች ድረስ በሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ታውቃለች። ያሰቡት እሱን ነው። ወላጆቿ ከተማው በሙሉ "ወይኔ ልጅቷ" እያለ እንዲያጅባት ስላልፈለጉ እናቴን ምስጢር አደራ ብለዋታል፤ እናቴ ደግሞ አደራ ከተባለች ለኔም አትተነፍስም። ቁርስ ላይ ዋፍሉ፣ ያ በቅርጽ የሚጋገር ጣፋጭ ቂጣ፣ በቅድሚያ ለኢንጉን የሚሰጠው፣ ኩባያው እጇ ውስጥ የሚቀመጥላት ለምን እንደሆነ ማን ይንገረኝ? እኔ ያየሁት ንግሥት ነው።

ከእጥበቱ ቀጥሎ ፍግፈጋ ነው። የእጥበቱ እርጥበት እስኪወጣ መስኮት ተከፋፍቶ አደረ፤ በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከቦርሳዋ አዲስ ብርጭቆ ወረቀት አወጣች፤ ሦስት ቦታ አጠፈችው። ይህን ቀን ስጠብቅ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። እጄን ዘረጋሁ።

"ኢንጉን" አለች እናቴ፣ "ነይ እስቲ የኔ ልጅ።"

የኔ ልጅ! ወረቀቱን ሰጠቻት። ከኋላዋ ቆማ፣ እጇን እጇ ላይ አድርጋ፣ መቃኑን ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። "እንጨቱ የሚሄድበትን ተከተይ። አትጫኚው። ቨርኒሹ ማብረቅረቁን ሲተው በቂ ነው፣ እስከ እንጨቱ መግባት የለብሽም። አዎ፣ እንደሱ።"

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺ ውሃውን ቀይሪልኝ፣ ራንዲ።"

"ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ብለሽኝ ነበር እኮ!"

"ራንዲ፣ ያንቺ ጊዜ ሞልቷል። አሁን ውሃውን።"

ጊዜ ሞልቷል ማለት ምን ማለት ነው? ውሃውን ቀየርኩ። ከዚያ ሄጄ ኩሽናው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለግራው መቃን ሰጥቼ፣ ጉልበቴን አቅፌ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦታዬ እሱ ሆነ። ድምፅ ሳላሰማ አለቅስ ነበር፤ ቢያንስ ድምፅ ያላሰማሁ ይመስለኝ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የጥድ እንጨት ጉጥ አለው፤ ቅርንጫፉ የበቀለበት ክብ፣ ጠንካራ ቦታ። ጉጥ ውስጥ ሙጫ አለ፤ በጎማላካ፣ ማለት በስፕሪት በሚበጠበጥ ማሸጊያ ፈሳሽ፣ ሁለት ጊዜ ካልደፈኑት ሙጫው ቀስ እያለ ነጩን ቀለም ሰርስሮ ይወጣና ቡኒ ክብ ያበጃል። አንዳንዱ በዓመቱ ይወጣል፣ አንዳንዱ እናትየው ሞታ ልጅየዋ ስታረጅ። ችግሩ፣ በዚያ ጥቁር ማቅለሚያ ሥር ጉጡ የት እንዳለ በዓይን አይታይም። በጣት ነው የሚፈለገው፤ ከተፈገፈገ በኋላ ጉጡ ከሌላው እንጨት ለስለስ፣ ቀዝቀዝ፣ ቀና ይላል።

ኢንጉን በጣቷ አገኘቻቸው። አንድ በአንድ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ የሆነ ሰው ሹክ የሚላት ይመስል። ስታገኝ በጠመኔ ትከብበዋለች። እናቴ ተከትላ ትፈትሻለች፤ አንድ ስህተት አጣች።

"ሲሴል! ነይ እይልኝ! አባቴ አርባ ዓመት ሠርቶ እንዲህ ያለ ጣት አልነበረውም!"

ወይዘሮ ሃውገን መጥተው አዩና ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። በደስታ ነው ያለቀሱት አልኩ። ለጉጥ! ለጉጥ የሚለቀስበት ቤት!

ያን ማታ አልጋዬን፣ ቁም ሳጥኔን፣ የጓዳውን በር ዓይኔን ጨፍኜ ስዳስስ አመሸሁ። ያገኘሁት ስንጥር ብቻ ነው፤ አመልካች ጣቴ ውስጥ ገባ። እናቴ መብራት ሥር አስቀምጣኝ በመርፌ አወጣችልኝ። ራሷ እጄ ላይ አጎንብሷል፣ ትንፋሿ መዳፌ ላይ ነው። "ምን ስትሠሪ ነው?" ብትለኝ "ምንም" አልኳት። ስንጥሩ ባይወጣ ደስ ባለኝ።

የጎማላካው ቀን ጠዋት ኢንጉን ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። የቀራት የኩሽናው በር ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው ደፉ ላይ ተወዝፌያለሁ።

"ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቀመጪው?" አለችኝ።

"ምን አገባሽ?"

"በዚህ በኩል ነው የምትደገፊው? በግራው?"

"ባለቤትነቱን ጠየቅሁሽ? ልነሳልሽ?"

"አይ፣ አትነሺ።"

ከራሴ በላይ እጇ ሲወርድ አየሁት። የቀኙን መቃን ጨርሳ ሁለት ቦታ በጠመኔ ከብባለች። በግራው ከላይ ወረደች፣ ትከሻዬ አጠገብ ስትደርስ ጣቶቿ ቆም አሉ። ወደ ላይ ተመለሱ። እንደገና ወርደው ቆም አሉ። ከዚያ ጠመኔዋን ኪሷ ከታ "ጨረስኩ" ብላ ሄደች።

እናቴ ትንሿን ብሩሽ ይዛ በጠመኔ የተከበበውን ሁሉ ትደፍን ጀመር። ጎማላካ ቶሎ ይደርቃል፤ ቤቱ በሙሉ ስፕሪት ስፕሪት አለ። ወይዘሮ ሃውገን ቡኒ አይብ በቢላ እየቆራረጡ ነው፣ ኢንጉን ከጠረጴዛው ተቀምጣለች። እኔ በቁጭት እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ መቃኑን እቧጭራለሁ። ድንገት አመልካች ጣቴ ሥር የሆነ ነገር መጣ።

ለስላሳ። ቀዝቃዛ። ልክ እንደ ካፖርት ቁልፍ።

ዞርኩ። ጠመኔ የለውም። እንደገና ዳሰስኩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ልክ እንደ እሷ ራሴን ዘንበል አድርጌ። ጉጥ ነው! እኔ ያገኘሁት ጉጥ! እሷን ያመለጣት፣ እናቴም ያላየችው፣ የኔ ጉጥ! ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተበተነ። ብድግ ብዬ ጮህኩ፤

"እማ! እማ ነይ! ይኸው አንድ ረስታለች! ዓይን የላትም እንዴ? ይሄን የመሰለ ጉጥ! ዓይን የላትም?"

ቢላው አይቡ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ሃውገን ወደኔ አልዞሩም፤ ትከሻቸው ብቻ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ኢንጉን ፊቷን ወደ ድምፄ አቅንታ ነበር፤ አፏ ፈገግ ሊል ጀምሮ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። እኔ እናቴን ነው የማያት። "ጎበዝ" እንድትለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ አንዲት "ጎበዝ"።

እናቴ ከመሰላሉ ወረደች። ብሩሹን አስቀመጠች። "ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ። "ወደ ቤት።"

ዳገቱን ስንወርድ ብስክሌቱ ላይ አልወጣንም። እየገፋችው፣ እኔን ሳታይ፣ ነገረችኝ። ዓይኗ እየሄደ ነው፣ ራንዲ። ሊመለስ አይችልም። መቃኑ ነጭ የሚሆነው ለዚያ ነው፤ ጉጡን የምትፈልገው እጇ ዓይኗን እንዲተካላት እንዲለምድ ነው፤ ማንም አያውቅም፣ አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ።

አለቀስኩ። እናቴ አዝኜ መሰላት፤ ትከሻዬን አቀፈችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? አዝኜ አልነበረም። እየሰማኋት የማስበው "በቃ ለዚህ ነው እንዲህ የሚደረግላት? የኔም ዓይን ቢጠፋ እኮ የኔ ልጅ ትለኝ ነበር" የሚል ነበር። ያን ሌሊት ዓይኔ እንዲጠፋ ጸለይኩ። ጠዋት ስነቃ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ተናደድኩ።

የቀሩትን ቀናት ጎረቤት ዋልኩ። እናቴ ቤቱን ነጭ አድርጋ ጨረሰች። ኢንጉን በዓመቱ ራቅ ባለ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ በበዓል ስትመጣ መንገድ ላይ አገኛት ነበር፣ እሷ ስለማታየኝ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ይህ እንዴት ያለ ምቾት ነበር!

እናቴ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። የዚያን ዓመት መከር ላይ፣ "ያን ጉጥ ደፈንሽው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አልደፈንኩትም።"

"ምን? ሳትደፍኚው ቀባሽው? ይወጣል እኮ!"

"ይወጣል።"

"እና ለምን?"

"ተይው፣ ራንዲ። ይልቅ አንድ ቀን ሃውገኖች ጋ ብቅ አትይም?"

"ምን ልሠራ!"

እናቴ፣ አንዲት የብሩሽ ጠጉር ይቅር የማትለዋ እናቴ፣ ለዚያች ልጅ አንድ ሙሉ ጉጥ ይቅር አለች። ስህተቷ እንዳይሰማት ብላ ሙያዋን አበላሸች። ለኔ መቼ አበላሽታ ታውቃለች? ይህን ነገር አድጌም አልተውኩትም። ሙያውን ከእሷ ወርሼ፣ የራሴ መሰላል ኖሮኝ፣ የራሴን ልጆች ወልጄ፣ አንዳንዴ ጎማላካ ስከፍት ያ ጉጥ ትዝ ይለኝና ጥርሴን ነከስ አደርግ ነበር። እናቴ በየጊዜው "ሃውገኖች ጋ ብቅ አትይም?" ትለኛለች፤ እኔም በየጊዜው "ሥራ ይዣለሁ" እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለች ባለፈው መከር ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ስልክ ተደወለ።

"ኢንጉን ነኝ። የካፒቴኑ ልጅ። ቤቱ ቀለም ይፈልጋል ይሉኛል፤ እኔ እንግዲህ የሰው ወሬ ነው የማምነው። ትመጪያለሽ?"

ብልህ ሰው እንቢ ይላል። ሄድኩ።

ወላጆቿ ሞተዋል፤ ቤቱ የእሷ ነው። ጠጉሯ አሁን ነጭ ነው፣ ያው በአንድ ጉንጉን የተሠራ። ግድግዳ አትዳስስም፤ በቤቷ ውስጥ ከኔ ፈጥና ትሄዳለች። ፒያኖ ትቃኛለች፣ በየመንደሩ እየተጠራች። የእናቴን ሞት በራዲዮ ሰምታ እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ የድሮዋ ቅናቴ ሽው አለችብኝ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ለኔ እናት የምታለቅሺው አልኩ በሆዴ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት!

ኩሽና ደረስን። ነጩ ቀለም ወደ ቅቤ ቀለም ሄዷል። አየሁት፤ በግራው መቃን ላይ፣ ደፉ ላይ የተቀመጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻ የሚደርስበት።

"ወጥቷል?" አለችኝ ኢንጉን።

"ምኑ?"

"ጉጡ። እናትሽ አንድ ቀን ይወጣል ብላኝ ነበር። በእጅ አይታወቅም፣ ሰው ደግሞ መጠየቅ አልፈለግሁም።"

"ወጥቷል" አልኳት።

"ምን ይመስላል?"

"ሻይ የተንጠባጠበበት ነው የሚመስለው። መሀሉ ጠቆር ይላል። የካፖርት ቁልፍ ያህላል።" ከዚያ አላስቻለኝም። "እናቴ ላንቺ ብላ ነው የተወችው፣ ታውቂያለሽ? አንድ ጉጥ አመለጠኝ ብለሽ እንዳይከፋሽ። ለማንም እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።"

ኢንጉን ሳቀች። በደንብ፣ ሆዷን ይዛ።

"አመለጠኝ? እኔን? አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ጊዜ ነው እኮ እጄ የቆመበት! አላመለጠኝም፤ ላንቺ ነው የተውኩልሽ።"

የመቃኑን ቡኒ ክብ በጣቴ ነካሁት።

"ቀኑን ሙሉ እዚህ ሥር ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ። ዝም ያልሽ ይመስልሻል፤ አፍንጫሽ ይሰማል እኮ! እናትሽን 'ራንዲንም አሠሪያት' ብላት፣ 'እሷ ዕድሜ ልኳን ትሠራለች፤ አንቺ ግን አሁን ነው የሚያስፈልግሽ' አለችኝ። አሳዘንሽኝ። አንዱን ልተውላት አልኩ፣ ጀርባዋን በምታስደግፍበት ያለውን፣ ሳትፈልገው የምታገኘውን። ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ መቼ ታገኘው ይሆን እያልኩ።"

"እናቴ ታውቅ ነበር?"

"የዚያን ቀን ቤት አድርሳሽ ተመለሰች፤ ልትደፍነው ብሩሽ አነሳች። 'ተይው፣ የራንዲ ነው' አልኳትና ነገሩን ነገርኳት። ከዚያ 'እሺ፤ ራሷ መጥታ ትደፍነዋለች' ብላ ብሩሹን አስቀመጠች። ቤቱን እስክትጨርስ ትመጪያለሽ ብላ ጠብቃሽ ነበር። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ፣ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር፣ 'ራንዲ ገና ነች' ትለኝ ነበር።"

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ያው ቦታ፣ ያው መቃን፤ ጉጡ አሁን ወገቤ አጠገብ ነው።

"ስታገኚው ደስ እንዲልሽ ነበር" አለች ኢንጉን ከላዬ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ደስ አለሽ?"

"በጣም" አልኳት።

እውነቴን ነበር። ጣቴ ከነካው እስክጮህ ድረስ ባለችው ጊዜ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"እሰይ" አለች። ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳበሰች፣ ከዕቃዬ መሀል የጎማላካውን ብሩሽ ሳትሳሳት ለየችና እጄ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። "በይ እንግዲህ። እናትሽ ብዙ ጠበቀች።"

ወደ መቃኑ ዞሬ ደፈንኩት። እስኪደርቅ ሁለታችንም ጠበቅን፤ ከዚያ ደገምኩት፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው።